ጨረሩ ለማን ይሠራል?

(የመግቢያ ሙዚቃ ዝቅ ይላል)

ሁለት ሴቶች በማኅፀን በር ካንሰር ታመሙ። የካንሰሩ ደረጃ ተመሳሳይ፣ የጨረር ሕክምናውም ተመሳሳይ ነው። አንዷ ትድናለች፤ የሌላዋ ይመለሳል። ለምን?

መልሱ በከፊል ዘረመል ውስጥ ነው። የበሽታው ዋና መነሻ ኤችፒቪ የተባለው ቫይረስ ሲሆን፣ 16 እና 18 የተባሉት ዓይነቶቹ ብቻ 70 በመቶ ያህሉን ያመጣሉ። ቫይረሱ ኢ6 በሚባል ፕሮቲኑ፣ የተጎዳ ሕዋስ እንዳይባዛ የሚያግደውን ፒ53 የተባለ የሰውነት ፕሮቲን ያጠፋል። ተመራማሪዎች ሕክምናው ለማን እንደሚሠራ የሚጠቁሙ ምልክቶችን እያጠኑ ነው። ተስፋ ከሚሰጡት አንዱ ከሕክምና በኋላ በደም ውስጥ የቫይረሱን ዲኤንኤ መፈለግ ነው። ካልጠፋ፣ ካንሰሩ የመመለስ ዕድሉ ከፍ ይላል።

(ሙዚቃ)

የጨረር ሕክምና ለረጅም ዓመታት አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። ዛሬ ጅማም ስላለ፣ በዙሪያዋ ካሉት ከአጋሮ ወይም ከሊሙ ገነት ለምትመጣ ታካሚ መንገዱ አጥሯል። የቫይረሱን ዲኤንኤ የሚፈልገው ምርመራ ግን ውድ ነው፤ እኔን የሚገርመኝ ርካሹ ምልክት፣ በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ነው። ኦክስጅን ያነሰው ዕጢ ጨረርን ይቋቋማል፤ ደም ያነሳት ታካሚም ብዙ ጊዜ ውጤቷ ደካማ ነው። ይህን ለማወቅ ጥቂት ደም ይበቃል፤ ለዚህ ደግሞ ጅማ ድረስ መምጣት አያስፈልግም።