ልጆቻችን በግቢያችን ሊቀርጹት ስላሰቡት የዘፈን ክሊፕ

(በማኅበሩ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ጸሐፊው ያሰሙት ንግግር)



የዛሬው ስብሰባችን ሦስተኛ አጀንዳ የተማሪዎቹ ጥያቄ ነው። የሠፈራችን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ራሳቸው ግጥምና ዜማ የሠሩለትን ዘፈን በማኅበራችን ግቢና አዳራሽ ውስጥ ለመቅረጽ በማመልከቻ ጠይቀዋል። ጉዳዩ በኮሚቴው ታይቶ ሁለት ሐሳብ ነው የቀረበበት። አንዱ ወገን «ልጆቻችን ናቸው፣ ይፈቀድላቸው» ሲል፣ ሌላው ወገን ደግሞ «በሩ ይዘጋ፣ የአምናው ይበቃናል» ብሏል።

የአምናውን አዲስ አባላት ላታውቁት ስለምትችሉ ባጭሩ ልንገራችሁ። ከሌላ ቦታ የመጡ ወጣቶች ካሜራ ይዘው በመንደራችን ሲያልፉ፣ አንዲት እናታችን ደጃቸው ላይ ጌሾ አስጥተው ከጎረቤት ጋር ሲሣሣቁ ቀረጿቸው። ማንም ፈቃድ አልጠየቃቸውም። ኋላ ክሊፑ ሲወጣ የእኚህ እናት ሣቅ አንድ ሰካራም ተንገዳግዶ ሲወድቅ ከሚያሳየው ምስል ቀጥሎ ተገኘ። ያየ ሁሉ በሰውዬው ውድቀት የሚሥቁ መሰለው፤ እሳቸውም ቀማምሰዋል ያለ አልጠፋም። ልጃቸው ከዓረብ አገር ደውላ «እማዬ፣ ምን ሆነሽ ነው?» እያለች አለቀሰች። እሳቸውም ለስንት ሳምንት ከደጅ አልወጡም። እንግዲህ በሩ ይዘጋ የሚሉት አባቶች ያለ ምክንያት አልተናገሩም።

እኔ የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፣ ካሜራም ይዤ አላውቅም። ነገር ግን ኮሚቴው «ሥራው ምን እንደሆነ አጣርተህ አስረዳን» ስላለኝ ሁለት እሑድ ከልጆቹ ጋር ተቀምጬ ሲሠሩ አይቻለሁ። የምነግራችሁ ያየሁትንና የጠየቅሁትን ነው።

መጀመሪያ ነገር፣ በክሊፕ ላይ የምታዩት ዘፋኝ እዚያው እየዘፈነ አይደለም። ዘፈኑ አስቀድሞ በስቱዲዮ ተቀርጿል። በቀረጻው ቀን ቴፑ ይከፈትና ልጁ ከንፈሩን ከዘፈኑ ጋር እያስኬደ ይጫወታል። (ቴፕ አልኩ እንጂ አሁንስ ስልክና ድምፅ ማጉያ ነው።) ዘፈኑን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንዴ ከሩቅ፣ አንዴ ከቅርብ፣ አንዴ ከጎን እያሉ ብዙ ጊዜ ይደጋግሙታል። ለዚህ ነው የአራት ደቂቃ ዘፈን ሙሉ ቀን የሚፈጀው። ካሜራው በአንድ ሴኮንድ 25 ምስል የሚያነሣ ከሆነ አራት ደቂቃ ማለት 6000 ምስል ነው፤ ያውም አንዴ ብቻ ከተቀረጸ። ሰውነቱ ቀስ እያለ ከንፈሩ ግን ከዘፈኑ ጋር የሚሄድ ዘፋኝ አይታችሁ ይሆናል። እሱም ብልሃት አለው። ዘፈኑን በእጥፍ ፍጥነት ያጫውቱና ልጁ እየተጣደፈ ይዘፍናል፤ ካሜራውም በሴኮንድ 50 ምስል ያነሣል። ኋላ በ25 ሲታይ ሁሉም ነገር ቀስ ይላል፣ ከንፈሩ ግን ልክ ይገባል። ልጆቹ ይህን ሲለማመዱ ሣቅ አፍኖኝ ነበር።

ስለ ብርሃንም ትንሽ ልበል፤ የሚጠይቁን ሰዓት ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነውና። ልጆቹ የሚፈልጉት ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት፣ እንደገና ደግሞ ማታ ከ10 ሰዓት በኋላ ነው። ይኸ ቅብጠት አይደለም። የእኩለ ቀን ፀሐይ አናት ላይ ስለምትቆም ዓይን ሥር ጥላ ትጥላለች፣ ሰው ሁሉ የታመመ ይመስላል። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ነጠላችን ነው። እኛ ለሽሮ ሜዳ ቅርብ ነን፣ ዳንሰኞቹም ሀገር ልብስ ነው የሚለብሱት። ነጭ ልብስ በቀትር ፀሐይ ሲቀረጽ ብርሃኑ ይበዛበትና ጥለቱም ፈትሉም ጠፍቶ ባዶ ወረቀት ይመስላል። ለልብሱ ሲሉ ብርሃኑን ቢቀንሱት ደግሞ የጠይም ሰው ፊት ይጨልማል። አንዴ ነጭ ሆኖ የጠፋን ነገር በኋላ በኮምፒዩተር መመለስ አይቻልም። ሸማኔው ስንት ቀን የለፋበትን ጥለት ለማሳየት ጠዋት መነሣት ግድ ነው። በአዳራሹ ውስጥ ላሉት ረጃጅም አምፖሎችም ጥንቃቄ አላቸው። የአገራችን መብራት በሴኮንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ፣ ካሜራው በዚያ ልክ ካልተስተካከለ በምስሉ ላይ ጥቁር ጥላ እየተንሸራተተ ያስቸግራል።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ፤ ልጆቹ ኤዲቲንግ ወደሚሉት። የተቀረጸው ሁሉ ወደ ኮምፒዩተር ይገባል። ካሜራው በግቢ የያዘው ድምፅ ከስቱዲዮው ዘፈን ጋር ይስተያይና ምስሉ በልኩ ይቀመጣል፤ ከዚያ የግቢው ድምፅ ይጠፋል። ቀጥሎ መምረጥ፣ መቁረጥ፣ መቀጠል ነው። ልጆቹ ዳቪንቺ ሪዞልቭ የሚባለውን ፕሮግራም በነጻ የሚገኘውን ይጠቀማሉ። ከበሮው በመታ ቁጥር የሚቆርጥ ሰው ተመልካቹን ያደክማል ብለውኛል፤ እኔም አይቼ አምኛለሁ። የቀረጹትንም በሁለት ቦታ ገልብጠው ያስቀምጣሉ፣ አንዱ ቢበላሽ ልፋቱ እንዳይቀር።

ግን እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። የሚረዳቸው መምህር የነገረኝ አንድ ነገር አለ። በሩሲያ ኩሌሾቭ የሚባል የፊልም ባለሙያ ከመቶ ዓመት በፊት አንድ ሙከራ አድርጎ ነበር ይባላል። የአንድ ተዋናይ ፊት ወሰደ፤ ምንም የማይል፣ ዝም ያለ ፊት ነው። ያንኑ ፊት አንዴ ከሾርባ ሳሕን፣ አንዴ ከሬሣ ሣጥን አጠገብ ቀጠለው። ያዩት ሰዎች ሰውዬው ራበው፣ ሰውዬው አዘነ አሉ። ፊቱ ግን ያው አንዱ ነው! ይህን ስሰማ የእናታችን ሣቅ ነው ትዝ ያለኝ። እሳቸው የሣቁት በጎረቤት ጨዋታ ነው፤ ሰካራሙን ያመጣው መቀስ ያዡ ነው። ስለዚህ በር ላይ ያለውን ካሜራ ብቻ ብንጠብቅ በቂ አይሆንም። ነገሩ የሚበላሸው ኋላ፣ እኛ በሌለንበት ክፍል ውስጥ ነው።

ሕጉም ዝም አላለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል። በቀጣዩ አንቀጽ ፈቃድ የማያስፈልግባቸው ጉዳዮች አሉ፤ ለምሳሌ በአደባባይ የተደረገ በዓልና የመሳሰለው። ደጃቸው ላይ ጌሾ የሚያሰጡ እናት ግን በዓል አይደሉም። ስለ ዘፈኑም ቢሆን በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 አለ። የልጆቹ ዘፈን የራሳቸው ስለሆነ በዚህ በኩል ሥጋት የለንም። የሰው ዘፈን ቢሆን ኖሮ ዩቲዩብ ራሱ ድምፁን ለይቶ ያውቃል፤ ባለመብቱም ሊያዘጋው ወይም የማስታወቂያውን ገንዘብ ሊወስድ ይችላል።

እንግዲህ የኮሚቴው ሐሳብ ይኸ ነው። በሩ አይዘጋ፣ ግን በውል ይከፈት። ፊቱ የሚታይ ሰው ሁሉ አስቀድሞ ተጠይቆ ይፈርም፤ ለሕፃናት ወላጅ ይፈርምላቸው። ክሊፑ ከመውጣቱ በፊት በዚህ አዳራሽ ይታይ፤ «እኔን እዚህ ቦታ አታስገቡኝ» ያለ ሰው ካለ ተቆርጦ ይውጣ። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ መጀመሪያ አኩርፈው ነበር፣ «ሥራችንን ሌላ ሰው ሊቆርጥብን ነው» ብለው። እውነትም አላቸው፤ እያንዳንዱ ሰው አስተያየት ከሰጠ ክሊፑ አያልቅም። ስለዚህ ማንም ሰው ስለ ራሱ ምስል ብቻ እንጂ ስለ ዳንሱ፣ ስለ ፀጉር አቆራረጡ፣ ስለ ዜማው እንዳይናገር ተስማምተናል። ይህን አደራ የምለው በተለይ ለእኛ ለአባቶች ነው።

የመብራቱን ካርድ ልጆቹ ይሞላሉ። በሠፈሩ ለቅሶ ከተነሣ ድምፅ ማጉያው ወዲያው ይዘጋል፣ ቀኑም ይተላለፋል፤ ይህን እነሱ ራሳቸው ናቸው ያቀረቡት። የአምናዋ እናታችንም እዚህ ተቀምጠዋል። ትናንት ቤታቸው ሄጄ ሳማክራቸው «ይግቡ፣ እኔ ግን አልቀረጽም» ብለውኛል። እንደ ቃላቸው ይሆናል፤ የእሳቸው ደጅ በሚታይበት በኩል ካሜራ አይቆምም።

የፈቃዱ ወረቀት እዚህ ጠረጴዛ ላይ ነው። ማንበብ የሚያስቸግራችሁ ካላችሁ እኔ አነብላችኋለሁ። ከዚያ በኋላ እጅ በማውጣት ድምፅ እንሰጣለን።