ካፕሱል ሁሉ አንድ አይደለም
(በካምፑ ሬዲዮ የቀረበ የጤና ንግግር)

የዛሬው ዝግጅታችን ስለ አንቲባዮቲክ መድኃኒቶች ነው።

በየብሎኩ የተለመደ ነገር አለ። ልጅ ሲያተኩሰው ወይም ሲያስቀምጠው ጎረቤት የተረፈ ካፕሱል አውጥቶ «ይሄ እኔን አድኖኛል፤ ስጪው» ይላል። ለደግ ብሎ ነው። ሆኖም መድኃኒቱ የታዘዘው ለእሱ በሽታ ነው። በቀለሙ አውቀዋለሁ ማለትም አይቻልም፤ ቀለም እንደየፋብሪካው ይለያያል።

አንቲባዮቲክ የሚመታው ባክቴሪያን ነው። ጉንፋን የሚመጣው በቫይረስ ነው፤ ቫይረስን የትኛውም አንቲባዮቲክ አይነካውም። ወባም የራሱ ምርመራና የራሱ መድኃኒት አለው።

ባክቴሪያን የሚመቱትም ቢሆኑ መንገዳቸው ይለያያል። ፔኒሲሊንና አሞክሲሲሊን ባክቴሪያው የውጭ ግድግዳውን እንዳይሠራ ያደርጉታል፤ ግድግዳው ሲሳሳ ይፈነዳል። የሰው ሕዋስ እንዲህ ያለ ግድግዳ የለውም። ለልጆች የሳንባ ምች በቅድሚያ የሚሰጠው አሞክሲሲሊን ነው። ግን ሳል ሁሉ የሳንባ ምች አይደለም። እናቶች፣ ልጁ ጸጥ ባለበት ጊዜ ደረቱን ገልጣችሁ ለአንድ ደቂቃ ሙሉ ትንፋሹን ቁጠሩ። ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት ላለ ሕፃን 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለ 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ወይም ሲተነፍስ የደረቱ የታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ ከገባ፣ ዛሬውኑ ወደ ክሊኒክ አምጡት። ከ2 ወር በታች ያለ ሕፃን ከታመመ ቆጠራም አያስፈልገውም፤ ወዲያው ይምጣ። ፔኒሲሊን ወስዶ ሰውነቱ ያበጠ ወይም ትንፋሽ ያጠረው ሰው ደግሞ አስቀድሞ ይንገረን፤ አሞክሲሲሊን የዚያው ዘመድ ነው።

ቴትራሳይክሊንና ዶክሲሳይክሊን ባክቴሪያው ፕሮቲን እንዳይሠራ ያግዱታል። የቴትራሳይክሊን ካፕሱል ለነፍሰ ጡርና ከ8 ዓመት በታች ላሉ ልጆች አይሰጥም፤ በማደግ ላይ ያለ ጥርስን ለዘለቄታው ያበልዛል። ከወተት ጋር ከተወሰደም ወደ ደም የሚገባው ይቀንሳል። የዓይን ቅባቱ ሌላ ነው፤ ለሕፃናትም ይሰጣል። ካፕሱሉን ፈትቶ ዱቄቱን ቁስል ላይ መነስነስም ይቅር። ቁስል በንጹህ ውሃና በሳሙና ይታጠብ።

ሲፕሮፍሎክሳሲን ባክቴሪያው እንዳይራባ የሚያግድ ሲሆን ደም ለተቀላቀለበት ተቅማጥ ይታዘዛል። ሜትሮኒዳዞልን ብዙዎች ለማንኛውም የሆድ ሕመም ይወስዱታል፤ የሚሠራው ግን ለአሜባ፣ ለጃርዲያና አየር በሌለበት ለሚኖሩ ባክቴሪያዎች ነው። ኮትሪሞክሳዞልን ኤችአይቪ በደማቸው ያለ ብዙ ሰዎች ለመከላከያ በየቀኑ ይወስዱታል፤ ከእነሱ አትበደሩ።

ውሃ የሚመስል ተቅማጥ ለያዘው ልጅ ግን የሚያስፈልገው ኦአርኤስ፣ ለምለም የምትሉት፣ እና ዚንክ ነው። በፓኬቱ ላይ በተጻፈው ልክ በንጹህ ውሃ በጥብጣችሁ ቶሎ ቶሎ አጠጡት፤ ጡትም ምግብም አታቋርጡ። እንደ ሩዝ ውሃ ነጥቶ በብዛት የሚወርድ ከሆነ ኮሌራ ሊሆን ይችላል፤ በመንገድ ላይ እያጠጣችሁ ፈጥናችሁ አምጡት።

የታዘዘላችሁን በተነገራችሁ መጠንና ቀን ውሰዱ። በማይገባ ጊዜ ወይም ባልበቃ መጠን ሲወሰድ የተረፈው ባክቴሪያ መድኃኒቱን ይለምዳል፤ እንደኛ ተጠጋግቶ በሚኖር ሰው መካከል ደግሞ ቶሎ ይዛመታል። ከገበያ ገዝታችሁ ወይም ከጎረቤት ተቀብላችሁ የወሰዳችሁት ካለ ማሸጊያውን ይዛችሁ ኑ። ማንም አይቆጣችሁም፤ ምን እንደ ወሰዳችሁ ካላወቅን ቀጥሎ የሚሰጠውን መምረጥ ያስቸግረናል።