ከሐዲድ ሥር ስለሚነጠፍ ጎማ



መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ሥራውን ሲጀምር፣ ከቃሊቲ የተነሣው መሥመር እስከ ምኒልክ አደባባይ ደረሰ። ከዚያ እስከ አዲሱ ገበያችን ሩቅ አይደለም፤ ወደ ጉለሌ ቢቀጠል ሁላችንም ደስ ይለናል። ነገር ግን በሐዲዱ ዳር የሚኖረው ሕፃንና ሕመምተኛ እንዴት ይተኛል?

የብረት መንኰራኵር በብረት ሐዲድ ላይ ሲሽከረከር ሁለቱም ይርገበገባሉ፤ መንቀጥቀጡም በመሬት ውስጥ አልፎ ከቤት መሠረት ይደርሳል። በባዶ ወለል ላይ ሙቀጫ ሲወቀጥ ቤቱ እንደሚናወጥ፣ ከሥሩ ጆንያ ቢነጠፍ ግን እንደሚበርድ እናቶቻችን ያውቃሉ። መሐንዲሶችም በሐዲዱና በተሸከመው አግዳሚ መካከል ጎማ ያነጥፋሉ፤ ሐዲዱንም እንደ ሞላ በሚለጠጥ የብረት መቆንጠጫ ያስሩታል። ጎማው እየታመቀና እየተመለሰ ወደ መሬት የሚወርደውን ምት ያለዝበዋል።

ይሁን እንጂ ለሁሉም ልክ አለው። ጎማው እጅግ ከለሰለሰ ሐዲዱ ይወዛወዛል፤ ጩኸቱም በአየር ላይ ሊብስ ይችላል።

መሥመሩ ካለቀ በኋላ ይህን ማረም ብዙ ወጪ ይጠይቃል። ስለዚህ ከመካከላችን ነገ መሐንዲስ የሚሆን፣ ፕላን ሲነድፍ ተሳፋሪውን ብቻ ሳይሆን ባቡሩ በደጁ የሚያልፍበትንም ሰው ያስብ።