በግድግዳ ውስጥ ስለሚገባው የክፍል ማቀዝቀዣ መኪና፤ አተካከሉና አያያዙ
(በድሬዳዋ ለተሰበሰቡ የቤት ባለቤቶች የተደረገ ንግግር)



ስለ ቤት ንጽሕና ስንሰበሰብ ብዙ ጊዜ የምንነጋገረው ስለ መጸዳጃ ቤት፣ ስለ ቆሻሻ አጣጣልና ስለ ዝንብ ነው። ዛሬ ግን የምነግራችሁ ስለ ኤሲ፣ ይኸውም ስለ ክፍል ማቀዝቀዣ መኪና ነው። «ይህ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጉዳይ ነው፤ የጤና መኮንን ምን አገባው?» የሚል ሰው እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እኔም ሥራ ስጀምር እንደዚሁ ይመስለኝ ነበር። ነገር ግን ቤት ለቤት ስዞር ከዚህ መኪና አያያዝ የተነሣ ሁለት ዓይነት ጉዳት አየሁ። አንደኛው በተዘጋው ክፍል ውስጥ ካለው አየር የሚመጣ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ በውጭ በኩል ከሚንጠባጠበው ውሃ። ሁለቱንም አስቀድሞ መከላከል ይቻላል።

መኪናውን ለመንቀፍ አልመጣሁም። የዚህን አገር ሙቀት ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። በግንቦትና በሰኔ ሕፃን ልጅ ሌሊቱን ሙሉ ሲያለቅስ፣ ያረጁ ሰዎችም ልባቸው ሲደክም የምታዩት እናንተ ናችሁ። አቅም ያለው ሰው ለእነዚህ ብሎ አንድ ክፍል ቢያቀዘቅዝ ቅንጦት አይባልም። ደግሞ ይህ ብልሃት መጀመሪያ የታሰበው ለሰው አልነበረም። ዊሊስ ካሪየር የሚባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1902 ኒውዮርክ ብሩክሊን ውስጥ ለአንድ ማተሚያ ቤት መኪናውን የነደፈው የወረቀቱን እርጥበት ለመቆጣጠር ነው። የባቡር ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ እዚህ የደረሰውና ድሬዳዋ የተቆረቆረችው በዚያው ዓመት መሆኑን ሳስብ ይገርመኛል።

አሁን አሠራሩን ልንገራችሁ፤ እሱን ያወቀ ሰው የቀረው ሁሉ ይቀለዋል። መኪናው ከፍሪጅ የተለየ ነገር አይደለም። በውስጥ በኩል ቀዝቃዛ ቱቦ አለው፤ በውጭ በኩል ደግሞ ትኩስ ቱቦ። በቱቦዎቹ መካከል የሚዘዋወር ጋዝ አለ። ቬንትሌተሩ የክፍሉን አየር ስቦ በቀዝቃዛው ቱቦ ላይ ያሳልፈውና መልሶ ወደ ክፍሉ ይተፋዋል። ጋዙ የያዘውን ሙቀት ሞተሩ ወደ ውጭ ይገፋዋል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ወደ ውጭ የሚወጣው ሙቀቱ ነው እንጂ አየሩ አይደለም። ሌሊቱን ሙሉ የምትተነፍሱት ያንኑ አየር ነው፤ የቀዘቀዘ ግን ያልተለወጠ። አንዳንዱ መኪና «ቬንት» የተጻፈበት ትንሽ መዝጊያ አለው፤ ሲከፈት ጥቂት አየር ያስወጣል፤ ነገር ግን እንደ መስኮት የሚታመን አይደለም።

ወደ አተካከሉ ልምጣ። በግድግዳ የሚገባና በመስኮት የሚገባ መኪና ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም አንድ ሣጥን ናቸው። ይሁን እንጂ የመስኮቱ ዓይነት በጎንና በጎኑ መተንፈሻ ቀዳዳዎች አሉት። የግድግዳው ዓይነት ግን ጎኑ ድፍን ነው፤ በስተኋላው ብቻ ይተነፍሳል፤ ቀድሞ በግድግዳው ውስጥ በሚቀበር የላሜራ ሣጥን ውስጥም ይገባል። ከዚራ ውስጥ የድሮ ቤቶች ግድግዳ የድንጋይና ወፍራም ነው። የመስኮቱን ዓይነት ገዝቶ በእንዲህ ያለ ግድግዳ ውስጥ መቅበር ማለት አፍንጫውን መድፈን ማለት ነው። ሞተሩ ይግላል፤ ያጠፋል፤ እንደገና ይነሣል፤ ኤሌክትሪክ ይበላል፤ በመጨረሻም ይቃጠላል። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ጎኑን ተመልከቱ። የገዛችሁት ባለ ቀዳዳውን ከሆነ ቀዳዳዎቹ ሁሉ ከግድግዳው ውጭ ብቅ ብለው መቅረት አለባቸው።

መጠኑም አለ። የማቀዝቀዝ ጉልበቱ ቢቲዩ በሚባል ልክ ይነገራል። በሞቃት አገር በግምት ለአንድ ካሬ ሜትር ከ500 እስከ 600 ቢቲዩ ይታሰባል። እንግዲህ በ4 ሜትር በ4 ሜትር ለሆነ መኝታ ቤት 9,000 ቢቲዩ ይበቃል። «ትልቅ ልግዛና አንዴ ይገላግለኝ» ማለት ስሕተት ነው። ከልክ ያለፈ መኪና ክፍሉን ቶሎ አቀዝቅዞ ይቆማል፤ እርጥበቱን ግን ለማድረቅ ጊዜ አያገኝም። በዝናብ ወራት ግድግዳውና ፍራሹ ሻጋታ የሚያወጣው አንዳንድ ጊዜ ከዚህ የተነሣ ነው።

ግንበኛው ከመብሳቱ በፊት ቦታውን ራሳችሁ ምረጡ። ከተቻለ የከሰዓት ፀሐይ የማይመታው ግድግዳ ይሁን። ከወለሉ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ከፍ ይበል፤ ብርዱ በቀጥታ አልጋ ላይ፣ ይልቁንም በሕፃን አልጋ ላይ አይውረድ። ጀርባው ወደ ሜዳ አየር መውጣት አለበት። አንድ ቤት ገብቼ የመኪናው ጀርባ ወደ ማድ ቤት ተከፍቶ አገኘሁ። መኝታ ቤቱ ሲቀዘቅዝ በማድ ቤት እንጀራ የምትጋግረው ልጅ በሁለት እሳት መካከል ትቃጠላለች። ባለቤቱ «አላሰብኩትም» አለኝ፤ እውነቱን ነው፤ እሱ ማድ ቤት አይገባማ! ወደ ጎረቤት መስኮትም አታዙሩት፤ ትኩሳቱም ጩኸቱም ጠብ ያመጣል።

መኪናው ከ30 እስከ 45 ኪሎ ሊመዝን ይችላል። በብሎኬት ግድግዳ ከሆነ ከቀዳዳው በላይ ብረት ያለበት ኮንክሪት ማሰሪያ ይኑር። የጭቃ ቤት ከሆነ በጭቃው ላይ ብቻ አይንጠልጠል፤ የእንጨት ወይም የብረት ክፈፍና ከውጭ መደገፊያ ያስፈልገዋል። የላሜራው ሣጥን ሲቀመጥ ውሃ ልክ ይያዝና ግራና ቀኙ እኩል ይሁን፤ ወደ ውጭ ግን ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ያህል ዘቅ ይበል። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ዝቅታው ወደ ውስጥ የሆነ እንደ ሆነ ግን ውሃው በግድግዳችሁ ላይ ይወርዳል። በሣጥኑና በግድግዳው መካከል የቀረው ክፍተት ሁሉ ይደፈን፤ ጣት የምታህል ክፍተት ለትንኝ ሰፊ በር ናት። ነገር ግን መኪናውን ራሱን በሲሚንቶ እንዳይለስኑባችሁ ተጠንቀቁ። ለጽዳትና ለጥገና ከሣጥኑ ተስቦ መውጣት አለበትና፤ በዙሪያው ስፖንጅ ይበቃዋል።

ስለ ኤሌክትሪኩ አጥብቄ የምነግራችሁ ይህን ነው። የአገራችን መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ከሳዑዲ ዓረቢያ የተመለሱ ልጆቻችሁ መኪናውን ይዘው ሲመጡ እዚያ የሚሠራበት መብራት 60 ኸርዝ ነው፤ የአሜሪካውም እንዲሁ 60 ሲሆን፣ ብዙዎቹ መኪናዎች ደግሞ በ115 ቮልት የሚሠሩ ናቸው። ስለዚህ ሶኬት ላይ ከመሰካታችሁ በፊት በመኪናው ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ የሚያውቅ ሰው ያንብበው። ለብቻው መስመር፣ ለብቻው ብሬከርና የመሬት ሽቦ ይሠራለት። ፍሪጅና ምጣድ በተሰኩበት ማከፋፈያ ላይ አትጨምሩት፤ ሽቦው ግሎ እሳት ያስነሣል።

አነዳዱ ቀላል ነው። ቁልፉን 24 ወይም 26 ዲግሪ ላይ አድርጉት። 16 ላይ ስላደረጋችሁት ቶሎ አይቀዘቅዝም፤ የሚጨመረው የሞተሩ ድካምና የቆጣሪው ሩጫ ብቻ ነው። ካጠፋችሁት በኋላ ሦስት ደቂቃ ሳይቆይ መልሳችሁ አታስነሡት። መብራት ሲጠፋም ተነሥታችሁ መኪናውን አጥፉት፤ መብራቱ ተመልሶ ከረጋ በኋላ ቆይታችሁ አስነሡ።

አሁን ወደ ተዘጋው አየር ልመለስ። መኪናው ሲበራ በርና መስኮት ይዘጋል፤ መዘጋቱም ትክክል ነው። ችግሩ የሚመጣው በዚሁ በተዘጋው ክፍል ከሰል የገባ እንደ ሆነ ነው። የቡና ሰዓት ደርሶ ረከቦት ቀርቧል፤ ወይም ሰዎች በርጫ ይዘው ተቀምጠዋል፤ እጣን ይጨሳል፤ ሻይ ከሰል ላይ ተጥዷል፤ ኤሲው ያቀዘቅዛል። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወጣዋል። ይህ ጋዝ ቀለም የለውም፤ ሽታም የለውም። ቀዝቃዛው ቱቦ አይዘውም፤ ፊልትሮውም አያጣራውም፤ ቬንትሌተሩ በክፍሉ ሁሉ እኩል ያዳርሰዋል እንጂ። ደም አየር የሚሸከምበትን ቦታ ስለሚይዝ፣ ሰውየው እየተነፈሰ ሳለ ሰውነቱ አየር ያጣል። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ይመጣል፤ ቀጥሎ መዝለፍለፍ፤ ቀጥሎም ሞት።

አንድ ከሰዓት በኋላ ለሌላ ጉዳይ በሄድኩበት ቤት አራት ሴቶች ቡና ሲጠጡ አገኘሁ። ሁለቱ ራሳቸውን ይዘዋል። አንደኛዋ «ኤሲው መታኝ፤ ብርዱ አልተስማማኝም» አሉኝ። ክፍሉ በእርግጥ ቀዝቅዟል፤ የማንደጃው ፍም ግን ቀልቷል። በሩን ከፍተን ሁሉንም ወደ ግቢ አወጣናቸው፤ ከባድ ራስ ምታት የነበረባቸውን ሴት ጤና ጣቢያ ወሰድናቸው። ደግነቱ ሁሉም ዳኑ። ከዚያ ቀን ወዲህ ያቺን «ብርዱ መታኝ» የምትለዋን ቃል በሰማሁ ቁጥር አስቀድሜ የምጠይቀው ስለ ከሰል ነው። እናቶቼ፤ ቡናውን አልከለክላችሁም። ማንደጃው በረንዳ ላይ ይቀጣጠል፤ ቡናው እዚያው ይፈላ። የግድ ከክፍሉ ከገባ ግን ኤሲው ይጥፋ፤ በርና መስኮቱ ይከፈት። በጋዝ የተመታ ሰው ሎሚ በማሽተት አይድንም፤ ወደ ሜዳ አውጥታችሁ ወዲያው ወደ ሐኪም አድርሱት።

ሳል ያለበት ሰው በቤት ውስጥ ካለም እንደዚሁ ነው። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚያስል ሰው የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ያስፈልገዋል። ከእሱ ጋር በተዘጋ ክፍል አንዱን አየር እየተቀባበሉ ማደር ለልጆች አደገኛ ነው። ሳል ባይኖርም ጠዋትና ማታ መስኮቶቹን ከፍቶ ክፍሉን ማናፈስ ልማድ ይሁን፤ የድሬዳዋ ማታ ለዚህ የተመቸ ነው።

የቀረኝ ውሃው ነው። አየር ሲቀዘቅዝ በውስጡ ያለው እርጥበት እንደ ጤዛ ይወርዳል። ውሃው ከፊሉ በትኩሱ ቱቦ ላይ ይደርቃል፤ የተረፈው በጀርባው በኩል ይንጠባጠባል። እኛ ውሃ ማባከን የማንወድ ሰዎች ነን፤ ስለዚህ ከሥሩ ባልዲ ወይም የተቆረጠ ጀሪካን እናኖራለን። ባልዲው ይረሳል። ውሃው ንጹሕ፣ ጥላ ያለበት፣ የማይነቃነቅ ነው፤ ለትንኝ ከዚህ የተሻለ ቤት የለም።

ወባ የረግረግና የገጠር በሽታ ነው ተብሎ ይታመን ነበር። አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የሚባለው ትንኝ ግን ከተማ ውስጥ፣ በበርሜልና በውሃ ማጠራቀሚያ ይራባል። እ.ኤ.አ. በ2012 በጅቡቲ፣ በ2016 በአገራችን በቀብሪ ደሃር ተገኘ፤ በ2022 እዚህ በድሬዳዋ በተነሣው የወባ ወረርሽኝም ድርሻ እንደ ነበረው ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል። ኤደስ የሚባለው ሌላው ትንኝ ደግሞ ቀን ይናከሳል፤ በ2013 የደንጊ ትኩሳት፣ በ2019 ቺኩንጉንያ በዚህች ከተማ ሲነሡ ያስተላለፋቸው እሱ ነው። ያን ጊዜ መገጣጠሚያው እየተቆረጠመ የተኛ ሰው ከእናንተ መካከል አይጠፋም።

ትንኝ ከእንቁላል ተነሥቶ እስኪበር ድረስ እንደ ሙቀቱ አንድ ሳምንት ወይም ከዚያ ጥቂት በለጥ ያለ ጊዜ ይበቃዋል። ስለዚህ ውሃው በቱቦ ተመርቶ ፀሐይ ወደሚያደርቀው መሬት ወይም ወደ ዛፍ ሥር ይፍሰስ፤ ኩሬ እንዳይሠራም ይታይ። ባልዲ ካስቀመጣችሁ በየቀኑ ይደፋ። መድፋቱ ብቻም አይበቃም፤ ኤደስ እንቁላሉን የሚጥለው ከውሃው ከፍ ብሎ በባልዲው ግድግዳ ላይ ነው፤ ደርቆም ለወራት ይቆያል። በሳምንት አንድ ቀን ውስጡን በብሩሽና በሳሙና ፈትጉት። ውሃውን ለወለል መወልወያና ለአትክልት አድርጉት እንጂ ለመጠጥም ለወጥም አታድርጉት፤ ቱቦውና አቧራው የሚያጥበው ውሃ ነውና።

ይህ በእጄ የያዝኩት ፊልትሮ ነው። ዛሬ ጠዋት ከዚሁ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ካለው መኪና ያወጣሁት ነው። የመጀመሪያ ቀለሙ ነጭ ነበር፤ አሁን የያዘውን አቧራ፣ ጸጉርና የእጣን ጥላሸት ራሳችሁ እዩት። በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ ሶኬቱን ነቅላችሁ አውጡት፤ ለብ ባለ ውሃና በሳሙና እጠቡት፤ ጥላ ላይ ይድረቅ፤ ሳይደርቅ አትመልሱት። ከፊት ያላችሁት እኅቶች ተቀበሉኝና ለኋላ ሰዎች አሳልፉት፤ እኔ እስከዚያ ድረስ የሣጥኑን ፊት ከፍቼ እንዴት እንደሚገባ አሳያችኋለሁ።