የግል ገጽና የፓርቲ ገንዘብ፦ ከጅማና ከአካባቢዋ ሲታይ



የዛሬው ጥያቄ ጠባብ ነው። አንድ ግለሰብ በራሱ ስም በሚጽፍበት ገጽ ወይም በሚያስተዳድረው የቴሌግራም ቻናል ከፖለቲካ ፓርቲ ገንዘብ ተቀብሎ መልእክት ሊያስተላልፍ ይገባዋልን? የእኔ መልስ አይገባውም የሚል ነው። ምክንያቴ ግን ገንዘብ ያረክሳል የሚለው የተለመደ ስብከት አይደለም። ጸሐፊም ይበላል፣ ይጠጣል፣ የኢንተርኔት ጥቅል ይገዛል።

ከአንድ ቀን ልነሣ። ሰኔ 9 ቀን 2013 ዓ.ም. የስድስተኛው አገር አቀፍ ምርጫ የቅስቀሳ ጊዜ ሊያበቃ ሲል ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በጅማ ስታዲየም ለደጋፊዎቻቸው ንግግር አደረጉ። በስታዲየሙ ማን ለማን እንደሚቀሰቅስ የማያውቅ ሰው አልነበረም። በዚያው ዕለት ፌስቡክ በኢትዮጵያ ትክክለኛ ማንነታቸውን ሸሽገው በተቀናጀ መንገድ ይሠሩ ነበር ያላቸውን 65 አካውንቶች፣ 52 ገጾችና 27 ቡድኖች፣ ከ32 የኢንስታግራም አካውንቶች ጋር ማስወገዱን አስታወቀ። ኩባንያው እነዚህን ከኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ ጋር ግንኙነት አላቸው ካላቸው ግለሰቦች ጋር አያይዟቸዋል። ሁለቱም የአንድ የምርጫ ሰሞን ድምፆች ናቸው። የመጀመሪያው ባለቤቱ በአደባባይ የቆመ ነው፤ የሁለተኛው ተናጋሪ ግን ራሱን ሰውሮ ነበር።

በእነዚህ በሁለቱ መካከል የግል ገጽ አለ። ባለቤቱ እውነተኛ ሰው ነው፤ ስሙም ፊቱም የታወቀ ነው። የተሰወረው ከፋዩ ነው። ፌስቡክ ለዚያ ምርጫ የፖለቲካ ማስታወቂያ አስነጋሪዎች ማንነታቸውን እንዲያረጋግጡና ማን እንደከፈለ የሚገልጽ ጽሑፍ እንዲያኖሩ አስገድዶ ነበር። ይህ ደንብ ግን የሚይዘው ለኩባንያው የሚከፈለውን ገንዘብ ነው። በአጋሮ ወይም በሊሙ ገነት አንድ ሻይ ቤት ውስጥ ለገጹ ባለቤት በእጅ የሚሰጠውን ብር የትኛውም የኩባንያ መዝገብ አያየውም።

የአንባቢው አእምሮ እንዴት እንደሚሠራ እንመልከት። ቡና ገበያ የወጣ ሰው ደላላን ያውቃል። ደላላ ኮሚሽን እንዳለው ስለሚያውቅ ከንግግሩ የተወሰነውን ቀንሶ ይሰማል፤ በዚህም ማንም አይቀየምም። ሽማግሌ ግን ሌላ ነው። የሽማግሌ ቃል የሚከብደው ከሁለቱ ወገኖች ከአንዱም ስላልተከፈለው ነው። ከአንዱ ተቀብሎ ከተገኘ ያለፈው ዕርቅ ሁሉ ይመረመራል። በትንሽ ከተማ የግል ገጽ የሚነበበው እንደ ደላላ ሳይሆን እንደ ሽማግሌ ነው። «የእገሌ ልጅ የጻፈው» ተብሎ ይጠቀሳል። ፓርቲው የሚገዛውም ይህንኑ እምነት ነው እንጂ ባዶ ቦታ አይደለም፤ ባዶ ቦታ ቢፈልግማ ግድግዳ ላይ ፖስተር ይለጥፋል።

«ታዲያ ጋዜጦች የፓርቲ ማስታወቂያ ያትሙ የለምን?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ማስታወቂያ ከሌላው የመገናኛ ብዙኃን ሥራ ተለይቶ እንዲታይ ይፈልጋል። ጋዜጣ ይህን ማድረግ የሚችለው የማስታወቂያ ክፍሉና የዝግጅት ክፍሉ ሁለት ስለሆኑ ነው፤ ቢያንስ ሁለት ጠረጴዛ አለ። የግል ገጽ ግን አንድ ሰው፣ አንድ ስልክ፣ አንድ ድምፅ ነው። ከላይ «ማስታወቂያ» ብሎ ቢጽፍ እንኳ በማግስቱ ስለዚያ ፓርቲ ዝም ሲል ዝምታው የተከፈለበት ይሁን አይሁን ማን ይለያል? ለዝምታ የሚለጠፍ ምልክት የለም።

ሕጉ ራሱ የግል ገጽን ክብደት ያውቃል። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ሐሰተኛ መረጃ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ አካውንት ሲሠራጭ ቅጣቱን ከፍ ያደርጋል። ለቅጣት ሲሆን እንደ ብሮድካስት ከታየ፣ ለገቢ ሲሆን «የግሌ ነው» ማለት አያስኬድም።

ከሁሉ ጠንካራው ተቃውሞ ግን ከትንንሽ ፓርቲዎችና ከግል ዕጩዎች በኩል የሚመጣው ነው። ስታዲየም መሙላት ለማይችል ዕጩ የአንድ ገጽ ዋጋ ርካሽ መድረክ ነው፤ ይህን ለምን እንነፍገዋለን? ገበያው እውነተኛ ገበያ ቢሆን እኔም በዚህ በተረታሁ ነበር። በ2013 በኦሮሚያ የኦሮሞ ፌዴራሊስት ኮንግረስና የኦሮሞ ነፃነት ግንባር ከውድድሩ ወጥተው ነበር። በእንዲህ ያለ ሁኔታ በጅማ ዙሪያ የገጽ ቦታ የሚገዛው ማን ነው? አንድ ገዢ ብቻ ባለበት ዋጋውን ማን እንደሚቆርጥ ጀንፈል የሸጠ ገበሬ ሁሉ ያውቀዋል። የተወዳዳሪዎችን ድምፅ ለማመጣጠን የተሻለው መንገድ የምርጫ ቦርድ በመገናኛ ብዙኃን የሚደለድለው ነፃ የአየር ሰዓትና የጋዜጣ ዓምድ ነው፤ ጉድለቱ ይታረም እንጂ።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። በሚያዝያ 2006 የዞን ዘጠኝ ጦማሪያን ሲታሰሩ ከቀረበባቸው ውንጀላ አንዱ ከውጭ ድርጅቶች ገንዘብ ተቀብላችኋል የሚል ነበር። በ2007ና በ2008 ክሱ በመቋረጡና በፍርድ ቤት ውሳኔ ከእስር ቢፈቱም ከአንድ ዓመት በላይ በእስር ቆይተዋል። ስለዚህ «ማን ከፈለህ?» የሚለው ጥያቄ በአገራችን ንጹሕ የአንባቢ ጥያቄ ብቻ ሆኖ አያውቅም፤ የመርማሪም ጥያቄ ነው። ገጾች ገቢያቸውን ለመንግሥት አካል እንዲያስመዘግቡ የሚጠይቅ ሐሳብ ሲሰማ የምጠራጠረው ለዚህ ነው። የሚገለጸው ለአንባቢ፣ በዚያው ገጽ ላይ፣ በባለቤቱ ፈቃድ መሆን አለበት።

ገቢውስ ከየት ይምጣ ትሉኝ ይሆናል። የሆቴል፣ የሱቅ፣ የቡና ላኪ ማስታወቂያ አለ፤ በብዛትም የሚገኘው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቡና ሲለቀም፣ ገበያው ሲሞቅ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ወር ረጅም እንደሆነ አልክድም። ምርጫ ደግሞ በሰኔ መጣ፤ ፈተናው እዚያ ላይ ነው። በዚያ ሰሞን የፓርቲን መግለጫ ማተም የሚፈልግ ገጽ የላኪውን ስም ጽፎ፣ ያለ ክፍያ፣ ለሌሎቹም እኩል በሩን ከፍቶ ማተም ይችላል። ይህን ያደረገ ገጽ በቅስቀሳ ክልከላው አራት ቀናት ውስጥም የቆየ ክፍያ ዕዳ ሆኖበት አይለጥፍም።

ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ፤ በተለይም ገጽ ከምታስተዳድሩት ተማሪዎች።