መጽሐፍ የተሸከሙ አህዮች

(ለማታው የንባብ ክፍል ተማሪዎች ከተደረገ ንግግር)



ዛሬ የማወራችሁ ስለ ልጆቻችሁ ንባብ ነው። ነገሩን የምጀምረው ግን ከአህያ ነው። አትሳቁ! አህያን ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቋታላችሁ። እህል ትጭናለች፤ ውሃና እንጨት ታመላልሳለች። መጽሐፍ ጭና ያያት ሰው ግን ከመካከላችሁ ያለ አይመስለኝም።

ከእኛ እጅግ ርቃ፣ በደቡብ አሜሪካ፣ ኮሎምቢያ የምትባል አገር አለች። እንደ እኛው ቡና አብቃይ ናት። በዚያች አገር፣ ላ ግሎሪያ በምትባል ቦታ፣ ሉዊስ ሶሪያኖ የሚባል አስተማሪ ነበረ። በአካባቢው የታጠቁ ሰዎች ይዋጉ ስለ ነበር ሕዝቡ በስጋት ይኖር ነበር። አስተማሪው ለልጆቹ የቤት ሥራ ሲሰጣቸው ሠርተው መምጣት ያቅታቸዋል። ለምን? ቤታቸው አንድም መጽሐፍ የለማ! ወላጅ ድኻ ነው፤ ለዕለት ጉርሱ እንጂ ለመጽሐፍ የሚተርፍ ገንዘብ የለውም።

ታዲያ ይህ ሰው በፈረንጅ አቆጣጠር በ1990ዎቹ መገባደጃ ላይ የራሱን 70 መጻሕፍት በሁለት አህዮች ጭኖ ወደ ኮረብታው መንደሮች ወጣ። (ከዚህ በታች የምጠራቸውም ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) አንዱን አህያ አልፋ፣ ሌላውን ቤቶ ብሎ ሰየማቸው። ሁለቱ ስሞች ሲገጣጠሙ በአገሩ ቋንቋ «ፊደል» ማለት ነው። መንደር ሲደርስ ልጆቹን ሰብስቦ ያነብላቸዋል፤ ያስነብባቸዋል። ከዚያ መጽሐፍ አውሷቸው ይሄዳል።

ሥራው ቀላል አልነበረም። በ2006 ወንበዴዎች መንገድ ላይ ያዙት። ቢፈትሹት ይህ ነው የሚባል ገንዘብ አጡበት። ከዛፍ ጋር አሰሩትና ከጭነቱ አንድ ልብ ወለድ መጽሐፍ ይዘው ሄዱ። እኔን ይህ ያስቀኛል፤ ሽፍታም የሚያነበው ይፈልጋል ማለት ነው እኮ።

ሌላ ጊዜ ደግሞ አንድ ደራሲ መጽሐፉን በሬዲዮ ሲያነብ ሰማ። «ለልጆቹ የማውሰው አንድ ቅጂ ላክልኝ» ብሎ ጻፈለት። ደራሲው ነገሩን በሬዲዮ ሲናገር፣ የሰማው ሁሉ መጽሐፍ ይልክ ጀመር። 70 የነበሩት መጻሕፍት በ2008 ወደ 4,800 ደርሰው ነበር።

በአገራችንም ይህን የመሰለ ሥራ ተሠርቷል። የነገሌ ቦረናው ተወላጅ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ፣ ከትምህርት መጽሐፍ ሌላ ለመጀመሪያ ጊዜ መጽሐፍ ያነበቡት በ19 ዓመታቸው ነበር። በኋላ ተሰደው አሜሪካ ገቡ፤ ሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ውስጥ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሆኑ። እዚያ ለልጆች የተጻፈ የአማርኛ መጽሐፍ ቢፈልጉ አጡ። ስለዚህ ራሳቸው ጻፉ። ወደ አገር ተመልሰው በ2003 አዲስ አበባ፣ ሾላ፣ በሚኖሩበት ቤት ምድር ቤት የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። በ2005 ደግሞ በአህያ የሚሳብ የመጽሐፍ ጋሪ በሐዋሳ መዞር ጀመረ።

ልብ በሉ፤ የሚያስፈልገው ልጁ የሚሰማው ቋንቋ ነው። የማይገባውን የፈረንጅ መጽሐፍ ብንከምርለት ሥዕሉን አይቶ ይተወዋል።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። እኛ ተማሪዎች አንድ ሳጥን የልጆች መጻሕፍት አምጥተናል። «ለልጅ ከተሰጠ ይቀደዳል፤ ይቆለፍበት» የሚል ሐሳብ ከአንዳንዶቻችሁ ሰምቻለሁ። ይቀደዳል፤ እውነት ነው። ማረሻም ሲያርሱበት ያልቃል። ማረሻው እንዳያልቅ ብሎ ቤቱ ሰቅሎ የተቀመጠ ገበሬ ግን አላየሁም። ተቆልፎበት የሚበላው አይጥ ነው። ልጅ ይብላው!

ደግሞ ሳጥኑ ትምህርት ቤት ቢቀመጥ የሚደርሰው ለማን ነው? ቤቱ ቅርብ ለሆነው ልጅ። ከትምህርት ቤት ወጥቶ በቀጥታ ከብት የሚጠብቀው፣ ውሃ የምትቀዳው ልጅ፣ ከወንዝ ማዶ ያለው፣ እነዚህ አያገኙትም። ክፍል ውስጥ ወደ ኋላ የሚቀሩትም እነርሱ ናቸው። ሰነፍ ስለ ሆኑ አይደለም። ፊደል ካልተነበበበት ይረሳል፤ ይህን እናንተም በክረምቱ ሥራ ስትቋረጡ አይታችሁታል። እረኛው ግን መጽሐፍ ቢኖረው ከብቱ ሲያርፍ ያነባል።

«እኔ ገና እየተንተባተብኩ የማነብ፣ ልጄን ምን እረዳዋለሁ?» የምትሉ አላችሁ። ልጁም እኮ ይንተባተባል። ማታ ከእራት በኋላ በኩራዙ ብርሃን አንድ ገጽ እሱ ያንብብ፣ አንድ ገጽ እናንተ። ማንበብ ያልጀመሩ አያቶችም ቢሆኑ ተቀምጠው ይስሙት። ሰሚ ያገኘ ልጅ ነገ ሌላ መጽሐፍ ይጠይቃል።

እንግዲህ የሚያስፈልገን አህያ ያለው ሰው ነው። ሳጥኑን ወንዝ ማዶ ወስዶ፣ አውሶ፣ ያለፈውን ሰብስቦ ይመለሳል። ቅዳሜ ገበያ ስለ ሆነ አህያ አይገኝም፤ እሑድ ከሰዓት በኋላ ይሻላል። ዝናብ እንዳያበላሸው የፕላስቲክ ከረጢት ያላችሁ አምጡ። የተዋሰው ልጅ ስም፣ የመጽሐፉ ስምና ቀኑ በደብተር ይመዘገባል።

ፈቃደኛ የሆናችሁ ስማችሁን እዚህ ወረቀት ላይ ጻፉ። በገዛ እጃችሁ ነው የምትጽፉት፤ የጣት አሻራ አንቀበልም።