ከመኪናው በፊት የሚደርስ ድምፅ
በሕንጻዎች ውስጥ ስለሚተከሉ የእሳት ማስጠንቀቂያዎች፣ ለዳምቦያ ነዋሪዎች የተዘጋጀ ዲስኩር



ዛሬ የምናገረው እሳት ስለ ማጥፋት አይደለም። እሳቱ ከተነሳ በኋላ፣ ሰው ገና በእግሩ መውጣት ስለሚችልባቸው ጥቂት ደቂቃዎች ነው። በእሳት አደጋ ከነበልባሉ ይልቅ ብዙ ሰው የሚገድለው ጭሱ ነው። በጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ የተኛ ሰውም ጭስ ሸቶት ይነቃል ብሎ መተማመን አይቻልም። ጆሮ ግን እንቅልፍ ላይም ይሰማል። የማስጠንቀቂያ ሥራ በአብዛኛው የቆመው በዚህ ላይ ነው።

አዲስ አበባ በእሳት አደጋ ስልክ ቁጥር 939 ሲደወል የሚነሱ የእሳት አደጋ መኪኖችና የሠለጠኑ ሠራተኞች አሏት። ያም ሆኖ ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. ፒያሳ መሃል ያለው ጣይቱ ሆቴል ከመቃጠል አልዳነም። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት መርካቶ ሸማ ተራ የተነሳው እሳትም የብዙ ነጋዴዎችን ጥሪት በልቷል። በዋና ከተማ እንዲህ ከሆነ፣ መኪናው ከሌላ ከተማ በሚጠበቅበት ሥፍራ ሰውን የሚያተርፈው የገዛ እግሩ ነው። እግሩን የሚያስነሳው ደግሞ ድምፅ ነው። መኪናው በራቀ ቁጥር ደወሉ ይበልጥ ያስፈልጋል፤ ደወልን የትልልቅ ከተሞች ጌጥ አድርጎ የሚያይ ሰው ነገሩን ገልብጦ ነው የሚያየው።

በከምባታና በሀድያ መንደሮች ማስጠንቀቂያ ያልነበረበት ዘመን የለም። የሣር ቤት ሲያያዝ ኡኡታው ይሰማል፣ ጎረቤት በእንሰቱ መሃል አቋርጦ ይደርሳል። የእድር ጥሩምባ ሲነፋም «ምንድን ነው?» ብሎ ቤቱ የሚቀመጥ የለም፤ ትርጉሙ አንድ ስለሆነ ሁሉም ይወጣል። አሁን ግን በየከተማው ብሎኬትና ፎቅ እየበዛ ነው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ በሩን ቆልፎ የተኛ እንግዳ የምድር ቤቱ ኡኡታ አይደርሰውም። ከኮርኒስ በላይ ከላላ ሽቦ የተነሳ እሳትም ማንም ሳያየው ብዙ ሊሄድ ይችላል። ቀድሞ በጎረቤት ጉሮሮ የነበረው ጥሪ ዛሬ በግድግዳና በጣሪያ ላይ መተከል አለበት።

ሕጉም የእነዚህን ሕንጻዎች ቁጥጥር አልዘነጋም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንጻዎችን በሦስት ምድብ ሲከፍል፣ የሕዝብ መገልገያና የተቋም ሕንጻዎችን፣ ፋብሪካዎችን፣ እንዲሁም ከመሬት ወለል ከ12 ሜትር በላይ ከፍ ያለውን ሁሉ ጥብቅ ቁጥጥር በሚደረግበት ምድብ «ሐ» አስገባቸው። አዋጁ በዋናነት 10,000ና ከዚያ በላይ ነዋሪ ላላቸው ከተሞች ቢወጣም፣ ከከተማ ውጭ ያሉ የሕዝብ አገልግሎት ሕንጻዎችንም ጨምሮ ነበር። ስለዚህ ለትምህርት ቤት፣ ለጤና ጣቢያ ወይም ለመሰብሰቢያ አዳራሽ «ከተማችን ገና ትንሽ ናት» የሚል ምክንያት ማቅረብ አይቻልም።

የማስጠንቀቂያው ሥርዓት ራሱ ውስብስብ አይደለም። ጣሪያ ላይ ጭስ ወይም ሙቀት ጠቋሚ አለ፤ መውጫው አጠገብ በእጅ የሚጫኑት ቀይ ሳጥን አለ፤ ሁለቱም ከመቆጣጠሪያ ፓኔል ጋር ይያያዛሉ፤ ፓኔሉ ደወሎቹን ያስጮኻል። በብዙ አገር የሚሠራበት የብሪታንያ ደረጃ ማንም ሰው ቀዩ ሳጥን ጋር ለመድረስ ከ45 ሜትር በላይ እንዳይሄድ ይጠይቃል። ድምፁ በአጠቃላይ 65 ዲሲቤል፣ መኝታ ክፍል ውስጥ ግን 75 ዲሲቤል መድረስ አለበት። ይህ የመጨረሻው የሚለካው በሩ ተዘግቶ ትራሱ አጠገብ ነው። ኮሪደር ላይ ጆሮ የሚያደነቁር ደወል ከተዘጋ የእንጨት በር ጀርባ ምን ያህል እንደሚደክም የሚያውቀው የለካው ብቻ ነው። በእንግዳ ማረፊያ ወይም በተማሪዎች ማደሪያ ደወል የምትተክሉ ወጣቶች፣ እባካችሁ ይህን አትዝለሉት።

አገራችን ውስጥ በተለይ የሚገጥም ችግርም አለ፤ ቡና። ጭስ ጠቋሚ የሚቆላ ቡናንና ዕጣንን ከእሳት ለይቶ አያውቅም። ረከቦት በሚዘረጋበት ክፍል ጭስ ጠቋሚ ከተሰቀለ በየቀኑ ይጮኻል፤ በሳምንቱ አንድ ሰው ወንበር ላይ ወጥቶ በፌስታል ይጠቀልለዋል። ከዚያ በኋላ ያ ክፍል ጠባቂ የለውም፣ ባለቤቱ ግን ያለው ይመስለዋል። ጥፋቱ ቡና የምታፈላው እህታችን ላይ አይደለም፤ ቦታውን ሳያጠና የተከለው ባለሙያ ላይ ነው። ለማዕድ ቤትና ለቡና ክፍል የሚሆነው ሙቀት ጠቋሚ ነው፤ ጭስ ጠቋሚው ወደ ኮሪደሩና ወደ መኝታ ክፍሎቹ ይሂድ።

መብራት መጥፋትም እንዲሁ በቁም ነገር መታሰብ አለበት። ሻማና ኩራዝ የሚለኮሰው፣ ጄኔሬተር የሚነሳውና ቤንዚን የሚቀዳው መብራት ሲጠፋ ነው። በሌላ አነጋገር እሳት ይበልጥ የሚያሰጋው ፓኔሉ በባትሪ ብቻ በሚሠራበት ሰዓት ነው። የብሪታንያው ደረጃ ባትሪው 24 ሰዓት ጠብቆ ከዚያ በኋላ 30 ደቂቃ ማስጮኽ እንዲችል ያዛል። መብራት ጠፍቶ መቼ እንደሚመለስ በማይታወቅበት አካባቢ እኔ ይህን መነሻ እንጂ መድረሻ አላደርገውም። ባትሪውም ያረጃል፤ ሲገዛ የሚቀየርበት ዓመት ላዩ ላይ ይጻፍበት።

አሁን ወደ ልጆቻችን ልምጣ። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 1 ቀን 1958 በቺካጎ አንድ የካቶሊክ ትምህርት ቤት ተቃጥሎ 92 ተማሪዎችና 3 መነኮሳት ሞቱ። ትምህርት ቤቱ ደወል ነበረው። ነገር ግን ማስደወያው ምልክት አልነበረበትም፣ ከፍ ብሎ ተሰቅሎ ነበር፣ ከእሳት አደጋ መሥሪያ ቤቱም ጋር አልተያያዘም። ደወሉ ሲጮኽ ኮሪደሩ በጭስ ሞልቶ ነበር። የጎረቤታችን የኬንያ ታሪክ ደግሞ ይበልጥ ቅርብ ነው። መጋቢት 17 ቀን 1993 ዓ.ም. በማቻኮስ፣ ኪያንጉሊ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ሌሊት ማደሪያቸው ተቃጥሎ 67 ወንዶች ልጆች አለቁ። ከሁለቱ በሮች አንዱ ተቆልፎ ነበር፤ መስኮቶቹም ብረት ነበራቸው። እዚያ ደወል ቢኖር እንኳ የሚጠራቸው ወደ ተቆለፈ በር ነበር። እኛም ለሌባ ብለን መስኮት በብረት እናጥራለን፣ ቁልፉንም ዘበኛው ኪስ ውስጥ እናሳድራለን። ልጆች የሚያድሩበት ሕንጻ በር ከውስጥ ያለ ቁልፍ የማይከፈት ከሆነ፣ የደወሉ ገንዘብ መጀመሪያ በሩን ለመቀየር ይዋል።

ሆሳዕና ከተማ ውስጥ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን መስማት የተሳናቸው ትምህርት ቤት አለ። መስማት የተሳናቸው ልጆች በሌሎች ትምህርት ቤቶችም፣ በየቤታችንም አሉ። ለእነርሱ የዓለም ከፍተኛው ሳይረን ዝምታ ነው። የሚያስፈልጋቸው ቀን ብልጭ ድርግም የሚል ኃይለኛ መብራት፣ ሌሊት ደግሞ ከትራስ በታች የሚንቀጠቀጥ መሣሪያ ነው። የሕንጻ ንድፍ ስታጸድቁ ይህን ጠይቁ።

«ለዚህ ሁሉ ገንዘብ ከየት?» የሚል ርዕሰ መምህር ይኖራል፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። ያለ ብዙ ወጪ የሚጀመር ነገርም አለ። በዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት መለኪያ፣ ቁጥሩ 8201 በሆነው፣ የመውጫ ጥሪ እንዲህ ነው፦ የግማሽ ሴኮንድ ድምፅ ሦስት ጊዜ፣ በመካከላቸው ግማሽ ሴኮንድ ዝምታ፤ ከሦስተኛው በኋላ አንድ ሴኮንድ ተኩል ዝምታ፣ እንደገና ሦስት። ደረጃው ምቱን ይወስናል፤ የግድ ይህ ደወል ይሁን አይልም። በየትምህርት ቤቱ ዛፍ ላይ የተሰቀለው የመኪና ቸርኬ በሦስት ምት ሊመታ ይችላል። ሦስት ምትና ዝምታ ለእሳት ብቻ ይሁን፤ ለክፍለ ጊዜ፣ ለእረፍትና ለሰልፍ ሌላ አመታት ይመረጥ፤ ልጆቹም ምቱን ሲሰሙ ደብተር ሳያነሱ ወጥተው ሜዳው ላይ መቆም ይልመዱ። ቸርኬው የጣሪያ ጠቋሚን አይተካም፤ ሌሊት ሁሉም ሲተኛ የሚመታው የለምና። ለቀን ተማሪ ግን ነገ ጠዋት መጀመር የሚቻል ነገር ነው።

ከሕንጻ ሹሞቻችን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ፎቁ አልቆ ባለቤቱ የመጠቀሚያ ፈቃድ ሲጠይቅ፣ ጠቋሚው ጣሪያ ላይ መታየቱ አይብቃችሁ። ብሬከሩን አውርዱና በባትሪ ብቻ አሠሩት። ከጠቋሚው ሥር የሙከራ ጭስ ልቀቁ። አንዳችሁ ላይኛው ፎቅ ክፍል ገብታችሁ በሩን ዘግታችሁ አልጋው ላይ ጋደም በሉ፤ ጥሪው እዚያ በግልጽ ካልተሰማ ፈቃዱ ይቆይ። ማደሪያ ላላቸው ትምህርት ቤቶች ደግሞ ልምምዱ አንድ ጊዜ በሌሊት፣ ዘበኛውም ባለበት ይደረግ። የመጨረሻው ልጅ እስኪወጣ የፈጀው ጊዜ በሰዓት ተለክቶ መዝገብ ላይ ይስፈር፤ መዝገቡንም የወላጆች ኮሚቴ በየመንፈቅ ዓመቱ ይመልከተው።